ድልድዩ ሲወርድ

ጓደኞቼ ማታ ማታ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ነገ ምን እናሳይሽ?» ይሉኛል። ባልና ሚስት ናቸው። ድሮ ሌኒንግራድ ይባል በነበረው ትልቅ ከተማ፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ ቤት ይኖራሉ። እንግዳ መያዝ ያውቁበታል፤ መኝታ ቤታቸውን ለእኔ ለቀው እነሱ ሳሎን ነው የሚተኙት። አስቸጋሪዋ እኔ ነኝ። ወርቅ ጉልላት ያለውን ቤተ ክርስቲያን ሊያሳዩኝ ሲወስዱኝ ገና ከበሩ «እዚህ ጫማ አያስወልቁም አይደል?» አልኳቸው። ከመሬት በታች ወዳለው ባቡር በሚያወርደው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ፊቱ እያየ ዝም ብሎ ሲወርድ፣ እኔን እንደ ሞኝ ሳቅ ያዘኝ።

«መጥተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለችኝ ጓደኛዬ።

«ኧረ አላውቅም።»

«ታዲያ የት ነው ያየሽው?»

«ማንኩሳ» አልኳት።

ቀልድ መሰላት። ዕውነቴን ነበር። ያን ከተማ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ የሣር ክዳን ቤት ውስጥ፣ ጭስ ዓይኔን እየለበለበው ዞሬዋለሁ። ወንዙ ዳር ቆሜ የረጠበ ብረትና የደፈረሰ ውኃ ሲሸተኝ፣ አገሩ ተረስቶኝ ሐምሌ ላይ በሞላው የብር ወንዝ ድልድይ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ቡሬ የምማር፣ አፌ ከእግሬ የሚቀድም ልጅ ነበርኩ። እናቴ እህል ትነግድ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ አያቶቼ ትልከኛለች። እሷ «ሄደሽ አግዣቸው» ትላለች፤ ከወሬዬ ማረፍ ፈልጋ እንደሆነ ግን አላጣሁትም።

አያቴን አገሬው አያ አበጀ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። ትውልዳቸው ከአዊ ነው። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከበሬዎቻቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ። «በሬ አማርኛ አይገባውም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ይገባዋል፤ ግን ሲያዙት ይኮራል» አሉኝ። ሴት አያቴ አንጓች ትባላለች፤ ለእኔ እምዬ ናት። ልጆች ቀብራለች። በሕይወት የቀሩላት እናቴና የመጨረሻ ልጇ ጋሼ ዳምጤ ነበሩ። ከዳምጤ በፊት የነበረው ልጇ የሞተ ጊዜ አልጋ ላይ ወድቃ፣ እህል አልቀምስ ብላ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦባት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ «አንጓች ሁለተኛ መርዶ አትችልም» የሚል ቃል እንደ ሕግ ተይዞ ኖረ።

ጋሼ ዳምጤ በትምህርቱ ጎበዝ ነበርና መንግሥት ሌኒንግራድ ላከው። እኔ የማስታውሰው ረጅም አንገቱን ብቻ ነው። እሱ ከሄደ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ አባባ በኮከብ አምራችነት ተመረጡና ከሌሎች ገበሬዎች ጋር የወዳጅ አገር እርሻ እንዲጎበኙ ወደ ሶቭየት ኅብረት ተላኩ። የቀሩት ትራክተር ሊያዩ ሄዱ፤ አባባ ልጃቸውን ሊያዩ ሄዱ። እምዬ ራሷ የፈተለችውን ጋቢ ጠቅልላ «በእጅዎ ያልብሱት፣ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ» ብላ አስያዘቻቸው።

ሲመለሱ ሰኔ ገብቶ ነበር። አገሩ የተቀበላቸው ኢየሩሳሌም ደርሶ እንደመጣ ሰው ነው። አሮጊቶች ጉልበታቸውን ሊስሙ ተሻሙ፤ አንዷ እንዲያውም ከዚያ አገር አፈር ይዘው እንደሆነ ለሆድ ቁርጠት ቆንጥረው እንዲሰጧት ለመነቻቸው። አባባ በላያቸው ላይ ጥቁር ረጅም ካፖርት ነበር፤ የብል መከላከያ ይሸታል። እኔ ያን ሽታ የከተማው ሽታ አድርጌ ያዝኩት።

እምዬ ሰዉን ከፋፍላ መሃል ገባች።

«ልጄስ?»

«አለ» አሉ አባባ።

«ጋቢውስ?»

«በእጄ አለበስኩት።»

«ልኩ ሆነ?»

«ልኩ ነው፣ አንጓች። አገሩ ብርድ ነው፤ አሁን ሞቀው።»

እምዬ እልል አለች፤ ሰውም ተከትሎ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ጋሼ ዳምጤ ግን በአገሩ ብርድ ወራት፣ አባባ ከመድረሳቸው ከወራት በፊት፣ ታሞ ሞቶ ነበር። ይህን ከአባባ ሌላ የሚያውቁ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞገስ። ሁለቱ ተመካክረው ክረምቱ ይለፍ አሉ። ወንዝ ሞልቶ ከማዶ ሊበን ያለው ዘመድ በማይሻገርበት ወቅት እንዴት መርዶ ይነገራል? ማን አብሯት ያለቅሳል? መስቀል ሲወጣ፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በንጋት ይነገራታል። እስከዚያው ሆድ ይፍጀው። አባባ ክረምቱን ሙሉ ከእምዬ ጋር በአንድ ገበታ እየበሉ ያን ቃል መያዝ ነበረባቸው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ታዲያ አባባ ምን አደረጉ? ከተማውን ማውራት ጀመሩ።

ማታ ከእርሻ ሲገቡ እግራቸውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጭቃው እስከ ቅልጥማቸው ነው። እግራቸው የሞቀ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓይናቸውን ይጨፍኑና «እና ያን ዕለት ዳምጤ…» ይላሉ። እምዬ ከምሰሶው ሥር እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች፤ ለዳምጤ ሌላ ጋቢ ጀምራለች፣ የሠርጉ ነው ትላለች። እኔ እግር አጥቤ ስጨርስ አጠገቧ ሆኜ ጥጡን ከፍሬው እለያለሁ።

መጀመሪያ ያየነው ደረጃውን ነው።

«ደረጃው ራሱ ይሄዳል» አሉ አባባ። «ሰው ይቆማል፣ እሱ ያወርዳል።»

«ወዴት?»

«ወደ መሬት ሆድ።»

«ሲኦል ነው?» አልኩ።

«ሲኦል እንዲያ ንጹሕ ከሆነማ፣ ቄስ ሞገስ ዕድሜ ልካችንን ያስፈራሩን በከንቱ ነው።»

ደረጃው ላይ ሲቆሙ ከኋላቸው ሰዎች አሉ፣ ሴቶችም ሽማግሌዎችም። ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነው። ስለዚህ አባባ ዞሩ። ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንገታቸውን እየሰበሩ የኋሊት ወረዱ። ደረጃው ሲያልቅ አላዩምና ሊወድቁ ሲሉ ዳምጤ ከወገባቸው አቀፋቸው። እምዬ እዚህ ጋ እንዝርቷ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። «የእኔ ልጅ! ባያቅፍዎት ኖሮ በሰው አገር መሳቂያ ሆነው ነበር» አለች።

ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያኑን አየን። ውስጡ ዕብነ በረድ፣ ዓምዱ እንደ ዋርካ ግንድ፣ ጣሪያው ወርቅ ነው። ግን መግቢያው ላይ ትኬት ይቆረጣል።

«ለቤተ ክርስቲያን ትኬት?» አለች እምዬ አማትባ።

«ቅዳሴ የለማ። ለማየት ብቻ ነው የሚገባ።»

አባባ ግን ቅዳሴ ኖረም አልኖረ ጫማቸውን ከበሩ አወለቁ። በካልሲ ገቡ፤ ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ በምልክት ይቆጣቸዋል። አባባ መሬቱን ተሳለሙ። አንዲት ጥግ ላይ ወንበር ይዛ የምትጠብቅ አሮጊት ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች አሉ፤ ዘበኛውን አንድ ነገር አለችውና ሄደ። «ቋንቋዋን ባላውቅም ያለችውን አውቄዋለሁ» አሉን።

ስለማይመሸው ሌሊት ያወሩ ዕለት ቄስ ሞገስ እኛ ቤት ነበሩ። በዚያ አገር በእነሱ በጋ ፀሐይ ትጠልቅና ጨለማው ሳይመጣ ይነጋል።

ቄስ ሞገስ በጣም ተጨነቁ። «እንግዲያ ማኅሌቱን መቼ ይቆማሉ? ዶሮውስ ምኑን ይዞ ይጮኻል?»

«ዶሮ አላየሁም፣ አባ።»

«ቢኖርም ግራ ገብቶት ሞቷል» አለች እምዬ።

ሁላችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ያን ማታ ከሳቁት ሁለቱ ሆዳቸው ውስጥ የነበረውን ነገር ይዘው እንዴት እንደሳቁ አይገባኝም። ቄስ ሞገስ ሲወጡ እምዬን ከወትሮው ረዘም አድርገው ባረኳት። ራሷን ጎንበስ አድርጋ ተቀበለች።

እኔን የማረከኝ ድልድዩ ነበር። ወንዙን የእኛዎቹ ብርና ፈጠም ወንዞች ነሐሴ ላይ ተደምረው እንኳ አያክሉትም። ከተማው ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ነው። መርከብ ሊያልፍ ሲል ድልድዩ ከመሃሉ ተሰንጥቆ እንደ በር ወደ ላይ ይከፈታል። ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይቀራል።

«የሚስት ምጥ ቢመጣስ?» አለች እምዬ።

«እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ንጋት ላይ ይወርዳል።»

ይህ ነገር ለእኔ ብዙ ነገር ፈታልኝ። ጋሼ ዳምጤ ለምን እንዳልመጣ አወቅኩ። ከሄደ ጀምሮ ለክረምት እረፍት አንድ ቀን አልመጣም፤ እናቴ በዚህ ታዝናለች፣ እምዬ በጸሎቷ ትጠይቃለች። ለካ ወዲያ ማዶ ነው ያለው፤ ድልድዩ ተነሥቶበታል። በማግስቱ ጥጥ እየለየን ለእምዬ ነገርኳት።

«አይዞሽ፣ ድልድዩ ሲወርድ ይመጣል።»

እምዬ እጇ ላይ ያለውን ፈትል ትታ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ አወቅኩት።»

«አዋቂ ነሽ» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ያን ቀን ሙሉ ስጎራደድ ዋልኩ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ፍልሰታ ተፈትቶ፣ አባባ ወደ ጉልላቱ ወጡ። ትልቁን ታሪክ ያቆዩት ለዚያ ቀን ይመስለኛል። ከወርቁ ጉልላት ሥር ሰው የሚዞርበት ሰገነት አለ፤ ከዚያ ላይ ከተማው ሁሉ ይታያል። ደረጃው እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ጠመዝማዛ ነው።

«ዳምጤ ከፊቴ ከፊቴ እየሮጠ ወጣ» አሉ አባባ። «እኔ ልቤ ሊወጣ ነው፣ እሱ ይስቃል። ላይ ስደርስ ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ 'አባቴ፣ ያ ማዶ የሚታየው የእኛ ትምህርት ቤት ነው' አለኝ።»

እምዬ እንዝርቷን አቆመች። «ዳምጤ?»

«አዎ።»

«ተንጠልጥሎ?»

«ተንጠልጥሎ! ምን ትያለሽ፣ የከተማ ሰው ሆኗል እኮ።»

እምዬ ፈትሉን በእንዝርቱ ላይ ጠቀለለች፣ እንዝርቱን ጥጡ ላይ አስቀመጠች፣ ቅርጫቱን ቆጡ ላይ ሰቀለችው። «ዓይኔ ደከመኝ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ቅርጫቱን አላወረደችውም። እኔ ዕውነት ዓይኗን ያመማት መስሎኝ በጠዋት ፊቷን ጠበል እረጫት ነበር፤ ሳትከለክለኝ ትቀበላለች። ማታ ግን እንደ ወትሮው ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ፣ ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እና ከዚያስ የት ሄዳችሁ?» ትላለች። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ የምትጠይቀው እሷ ሆነች። ምን በላችሁ፣ ሲሄድ ቀድሞዎት ነበር ወይስ ከጎንዎ፣ ድምፁ ጎርንኗል ወይ። አባባ ሁሉንም ይመልሳሉ። በዚያ ወር ዳምጤ ብዙ ተናገረ፣ ብዙ ሳቀ፣ አባቱን አሳ እንዲበሉ አስገደዳቸው፣ ዝናብ ሲመጣ ካፖርቱን ገዛላቸው።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ወደ እርሻ ሄድኩ። ጤፉ በቅሏል፤ አባባ በሬዎቹን ከዳር እያጋጡ ነበር። በአንዱ በሬ አንገት ላይ እጃቸውን ጥለው፣ ግንባራቸውን አስደግፈው፣ በአገውኛ ረጅም ነገር ያወሩለታል። ከሁሉ የገባኝ «ዳምጤ» የሚለው ስም ብቻ ነው፤ ደጋግመው ይጠሩታል። ለበሬውም ከተማውን የሚነግሩት መስሎኝ ቅር አለኝ። ለእኔ ያልነገሩኝን ቦታ ነግረውት ይሆናል ብዬ። ሲያዩኝ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ቡሬዋ መጣች!» አሉ። እንደ በሬ ቀለም እየጠሩ ሲያበሽቁኝ እንዲህ ነው የሚሉኝ።

መስቀል ወጣ። ቢጫው አደይ የወንዙን ዳር ሁሉ አለበሰው፣ ጭቃው ደረቀ፣ እናቴ እኔን ልትወስድ መጣች። እሷ በመጣች ማታ አባባ እግራቸውን ውኃው ውስጥ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እና ያን ዕለት ዳምጤ… ወደ ቤተ መንግሥቱ…»

«እሱን ነግረውናል!» አልኩ እኔ።

«ነግሬያችኋለሁ? እንግዲያ የድልድዩን…»

«እሱንም!»

አባባ ዓይናቸውን አልገለጡም። እግራቸውን ከእጄ ሳብ አደረጉ፤ ውኃው ቀዝቅዞባቸው ነው ብዬ ልጨምር ተነሣሁ።

እምዬ ከምሰሶው ሥር ሆና፣ ልጅ እንደምታባብል በቀስታ፣ «አለቀ ከተማው?» አለቻቸው።

«አለቀ፣ አንጓች።»

«እንግዲያ ነገ ጠዋት ቄስ ሞገስን ይጥሯቸው። የሊበኖቹም ይምጡ።»

እናቴ እጇ አፏ ላይ ቀረ። አባባ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ጉልላቱ ላይ ያወጡት ዕለት። የእኔ ልጅ በቆሎ ሲጠብቅ እንኳ ማማ ላይ ወጥቶ ያውቃል? ከታች ሆኖ አልነበር እንዴ ዝንጀሮ የሚያባርር? ከፍታ ሲያይ ያለቅስ የነበረ ልጅ፣ ተንጠልጥሎ ሳቀ ሲሉኝ…» ቃሉን አልጨረሰችውም።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቱ ከእሱ ጋር እየዞሩ ነበራ» አለች እምዬ። «እንዴት ብዬ ከዚያ ልጥራዎ?»

እዚህ ላይ አባባ አለቀሱ። ሽማግሌ ድምፅ አውጥቶ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። እምዬ ተነሥታ መጣች፤ ከእጄ ጨርቁን ወስዳ እግራቸውን ራሷ አደረቀች። አንጓች ሁለተኛ መርዶ አትችልም ሲባል የኖረው ሐሰት ነበር። ቻለችው፤ ብቻዋን፣ ማንም ሳያውቅባት፣ አብራን እየሳቀች።

ለቅሶው በወጉ ሆነ። ሽማግሌዎቹ በንጋት መጡ፤ እምዬ ታጥባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማ ነው የጠበቀቻቸው። ቄስ ሞገስ ሊሉ የመጡትን ቃል እንዲሉ ተወቻቸው። መርዶ ሳይነገር ለቅሶ የለምና።

ሰው ሲበተን፣ እኔ ወደ ቡሬ ልመለስ ስል፣ እምዬ አባባን «አሁን ደግሞ ዕውነተኛውን ይንገሩኝ» አለቻቸው። እኔም አጠገቧ ነበርኩ።

ዕውነተኛው እንዲህ ነበር። ባቡር ጣቢያ የተቀበሏቸው የዳምጤ ጓደኞች ናቸው፤ ግርማ የሚባል ያዲስ አበባ ልጅና አስቴር የምትባል የሐረር ልጅ። መርዶውን ለቤተሰብ የሚያደርስ ትልቅ ሰው ከአገር እስኪመጣ ሲጠብቁ፣ የመጡት አባትየው ሆኑ። ልጆቹ ምን ያድርጉ? «ዳምጤ ለትምህርት ሩቅ ሄዷል፤ ነገ ይመጣል» አሉ። ማደሪያቸው አሳደሯቸው። ነገ እስኪመጣ ብለው ከተማውን አሳዩአቸው። ከደረጃው ሥር በወገባቸው ያቀፋቸው ግርማ ነው። ካፖርቱን የገዛችው አስቴር ናት።

«ገና በመጀመሪያው ቀን አወቅሁ» አሉ አባባ። «ብቻዬን አይተዉኝም። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ግርማ በሩ ላይ ይቆማል። እያጎረሱ ያበሉኛል። በእኛ አገር ሰውን እንዲህ የሚይዙት መቼ ነው?»

«ለምን አልጠየቋቸውም?» አልኩ።

«ልጆች ናቸው እኮ። መርዶ የሽማግሌ ሥራ ነው። እንዲያ ያለውን ቃል በልጅ አፍ አላወጣም።»

በመጨረሻው ቀን ግን «ሁሉን አሳያችሁኝ፤ እንግዳ ሲሞት የምትቀብሩበትን አላሳያችሁኝም። አገር አየሁ የሚል ሰው እሱንም ማየት አለበት» አሏቸው። ልጆቹ ተያዩ። ቦታው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድልድዩ ተነሥቶ ነበር። ሦስቱ ወንዙ ዳር፣ በዚያ በማይመሽ ሌሊት፣ እስኪወርድ ቆመው ጠበቁ። ጋቢው በአባባ ትከሻ ላይ ነበር። ንጋት ላይ ድልድዩ ወረደና ተሻገሩ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስሙን በእኛ ፊደል ጽፈውለታል፤ አባባ በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል አንድ በአንድ አነበቡት። ጋቢውን ዘርግተው አለበሱት፣ ዳርና ዳሩን ጠቀጠቁለት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረው «ጥሩ ከተማ አሳያችሁኝ። እግዜር ይስጥልኝ» አሏቸው።

እምዬ «ልጆቹን ለእናቶቻቸው ያቆያቸው» አለች።

እነሆ አሁን እኔም በዚያው ከተማ እንግዳ ነኝ። ትናንት ማታ ጓደኞቼ «ነገ ምን እናሳይሽ?» ሲሉኝ «ድልድዩን» አልኳቸው። ሲነሣ ለማየት ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ሁሉም ወደ መኝታው ይሄዳል። እኔ ግን ሲወርድ ነው ማየት የምፈልገው ብዬ ሁለቱን ሚስኪኖች በንጋት ብርድ አቆምኳቸው። ሁለቱ ክንፎች ቀስ ብለው ወረዱ፣ ተገናኙ፣ የድልድዩ ዘበኛ መንገዱን የዘጋበትን ሰንሰለት ፈታ።

«ምኑን ነበር እንዲህ የጠበቅሽው?» አለችኝ ጓደኛዬ እየተንቀጠቀጠች።

«አጎቴን» አልኳት።

ከቦርሳዬ እምዬ ጀምራው የቀረውን፣ እናቴ ፈትላ የጨረሰችውን ጋቢ አወጣሁና ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ከዚያ ተሻገርን።